ማንቸስተር ማክቶሚናይን ለምን ሸጠው? ሁለገብነት፣ የሂሳብ ሕግ እና ናፖሊ

ኖቬምበር 18 ቀን 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ ላይ ስኮትላንድ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፋ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። የመጀመሪያዋን ጎል ገና በ3ኛው ደቂቃ ያገባው ማንቸስተር ዩናይትድ በ2024 ለጣልያኑ ናፖሊ የሸጠው አማካይ ስኮት ማክቶሚናይ ነው፣ ያውም ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ አየር ላይ ተገልብጦ በመቀስ ምት። ለዴንማርክ ያገቡት ሁለቱ ልጆች ደሞ ራስሙስ ሆይሉንድ እና ፓትሪክ ዶርጉ ነበሩ፣ አንዱ ከማንቸስተር ዩናይትድ በውሰት ናፖሊ የሄደ፣ ሌላው በወቅቱ ማንቸስተር የሚጫወት። ስለዚህ በዛ ምሽት ኳስ ያየ የማንቸስተር ደጋፊ ሁሉ፣ በኛም አገር ብዙ ነው፣ ስለ ክለቡ ሳያስብ ማደር አልቻለም።

ከዛ በኋላ የተመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ልጅ እንዴት በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይለቀቃል? ግማሹ ሰው «ክለቡ ተጫዋች አያውቅም» ይላል። ሌላው ደሞ «የጣልያን ሊግ ቀላል ሆኖለት ነው እንጂ እዛ እያለ ምን ሰራ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ፣ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለው ያልፉታል። ማንቸስተር ማክቶሚናይን ለሰባት ዓመት ያህል በየቦታው ሲያሰልፈው ቆይቶ «ይሄ ልጅ በጣም ጥሩ የሚሆነው የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ፣ ያልተመለሰው ጥያቄ ከእንግሊዝ ሊግ የሂሳብ ሕግ ጋር ተገጣጠመ። ሽያጩን የወለደው የሁለቱ መገጣጠም ነው፣ ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

አካዳሚው ውስጥ አጥቂ ነበር

ማክቶሚናይ በ1996 ላንካስተር በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ነው የተወለደው። አባቱ ስኮትላንዳዊ ናቸው፣ ለስኮትላንድ የመጫወት መብቱም የመጣው በሳቸው ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ያገኘው ገና ትንሽ ልጅ እያለ ሲሆን ሙሉ የእግር ኳስ ትምህርቱን የተማረው እዛው ክለብ ውስጥ ነው።

ስለ ልጅነቱ አንድ ነገር ሳይታወቅ የቀረውን ታሪክ መረዳት አይቻልም። አሁን 1.93 ሜትር የሆነው ሰውዬ እስከ 18 ዓመቱ ገደማ አጭርና ቀጭን ነበር፣ ቁመቱ የጨመረው በጣም ዘግይቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ አካዳሚ ውስጥ ሁለት ነገር ያጋጥመዋል። አንደኛ፣ እኩዮቹ በጉልበት ስለሚበልጡት ጨዋታ አያገኝም ወይ ከቦታ ቦታ ይገላበጣል። ሁለተኛ፣ ድንገት ሲረዝም ሰውነቱ እስኪላመድ ቅልጥፍናው ይቀንሳል፣ ጉልበቱና ጡንቻው ይጎዳል። ክለቡ በዛ ጊዜ አለማባረሩ ራሱ የሚመሰገን ነው፣ ብዙ አካዳሚዎች በዛ እድሜ ተስፋ ይቆርጣሉ። በተጠባባቂው ቡድን ውስጥ አሰልጣኝ ዋረን ጆይስ አጥቂ አድርገው ያሰልፉት ነበር። ስለዚህ ናፖሊ ላይ «ከየት መጣ?» የተባለው የጎል ማሽተት ችሎታ አዲስ አይደለም፣ የድሮ ስራው ነው።

ዋናው ቡድን ውስጥ ያስገባው ጆዜ ሞሪኒዮ ነው፣ ሜይ 2017 ኤምሬትስ ላይ ከአርሰናል ጋር ተቀይሮ ገባ። ሞሪኒዮ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ «የአሰልጣኙ የዓመቱ ምርጥ» የሚል ሽልማት ፈጥሮ ሰጠው። ሞሪኒዮ የወደደለት ነገር ግልፅ ነው፦ ረጅም ነው፣ ይሮጣል፣ የተባለውን ይሰራል፣ አያጉረመርምም። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የባህሪ ምስጋና ነው። የት ቦታ ላይ ነው ጨዋታ የሚቀይረው የሚለውን አይነግረንም። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ማክቶሚናይ «ታማኝ» የሚል ስም ያዘ፣ ታማኝ ሰው ደሞ ክፍተት ባለበት ሁሉ ይላካል።

ሁለቱ ወደኋላ የሚቀሩ አማካዮች

በኦሌ ጉናር ሶልሻየር ዘመን ማክቶሚናይና ብራዚላዊው ፍሬድ «ማክፍሬድ» የሚል የጋራ ቅፅል ስም እስኪወጣላቸው ድረስ አብረው ተሰለፉ፣ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለሙገሳ አልነበረም። አሰላለፉ 4-2-3-1 ሲሆን እነሱ ደብል ፒቮት ነበሩ። ደብል ፒቮት ማለት ከአራቱ ተከላካዮች ፊት ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት አማካዮች ማለት ነው፣ ቡድኑ ኳስ ሲያወጣ የመጀመሪያው መንገድ እነሱ ናቸው።

ይሄ ስራ ምን ይጠይቃል? የመሃል ተከላካዩ ኳስ ሲሰጥህ ፊትህ ወደራስህ ጎል ነው፣ ከኋላህ ተጋጣሚ እየሮጠ ይመጣብሃል፣ ኳሱ እግርህ ጋ ሳይደርስ ትከሻህን ዞር አድርገህ አይተህ፣ በአንድ ንክኪ ገላህን አዙረህ ወደፊት መውጣት አለብህ። ባጭር ርምጃ ተጠምዝዞ መውጣት የሚችል ሰው ስራ ነው። ማክቶሚናይ ረጅም ነው፣ ርምጃው ረጅም ነው፣ ሲዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በአንድ ንክኪ ለመጣበት ተከላካይ ይመልስ ነበር፣ ኳሱ ወደ መስመር ይሄዳል፣ እዛም ይታፈናል። ደጋፊው «ማክቶሚናይ ኳስ አይችልም» ያለው ይሄን እያየ ነው። ያየው ነገር ውሸት አልነበረም፣ የተሳሳተው ድምዳሜው ነው፣ ምክንያቱም ልጁ የሚለካው በጣም በሚከብደው ስራ ነበርና።

በነዛው ዓመታት ውስጥ ደሞ ሌላ ምልክት ነበር። ዲሴምበር 2020 ሊድስን 6 ለ 2 ሲያሸንፉ ማክቶሚናይ በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ጎል አገባ፣ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ይሄን ያደረገ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። አንዱን ከ16 ከ50 ውጪ መትቶ፣ ሌላውን ከተከላካዮች ጀርባ ሮጦ ገብቶ። ሊድስ በዛን ጊዜ ሰው በሰው እየያዘ ሜዳውን ከፍቶ የሚጫወት ቡድን ስለነበር ከኋላ ተነስቶ የሚሮጥ ሰው የሚይዘው አጣ። የልጁ ዋና ችሎታ ሙሉ በሙሉ የታየበት ቀን ነው፣ ግን በሳምንቱ «ጥሩ ቀን ገጥሞት ነው» ተብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኤሪክ ቴን ሃግ ሲመጣ በ2022 አማካዮቹ ካሴሚሮና ኤሪክሰን መጡ፣ ማክቶሚናይ ቤንች ላይ ተቀመጠ። በ2023-24 ግን ቴን ሃግ ራሱ ሳያቅድ ይመስላል መልሱን አገኘ፣ ማክቶሚናይን ከአጥቂው አጠገብ ማስገባት ጀመረ። ኦክቶበር 2023 ብሬንትፎርድ ላይ 1 ለ 0 እየተመሩ በ87ኛው ደቂቃ ገብቶ በጭማሪ ሰዓት ሁለት አግብቶ ጨዋታውን ገለበጠው። በዛ ሲዝን በሁሉም ውድድር 10 ጎል አስቆጠረ፣ ሜይ 2024 ማንቸስተር ሲቲን አሸንፈው የኤፍኤ ካፕ ሲያነሱም ፊት አካባቢ ሆኖ በቋሚነት ተሰልፎ ነበር።

እና ታድያ ለምን እዛው አልተተወም? ቦታው ተይዟል። ያ ቦታ የአምበሉ የብሩኖ ፈርናንዴዝ ነው፣ ብሩኖን ከዛ የሚያነሳ አሰልጣኝ አልነበረም። ማክቶሚናይ እዛ የሚገባው ቡድኑ ሲቸገር፣ ሰው ሲጎዳ፣ ወይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው።

ስኮትላንድ ደሞ ተከላካይ አደረገችው

የብሔራዊ ቡድን ታሪኩ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በ2018 መጀመሪያ ላይ የስኮትላንድ አሰልጣኝ አሌክስ ማክሊሽ አግባቡት፣ እንግሊዝም ዓይኗን ጥላበት ነበር፣ እሱ ስኮትላንድን መረጠ። ማርች 2018 ከኮስታሪካ ጋር ተሰልፎ ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው አሰልጣኝ ስቲቭ ክላርክ የሚገርም ችግር ነበረበት፦ የቡድኑ ሁለት ትልልቅ ስሞች አንዲ ሮበርትሰንና ኪራን ቲርኒ ሁለቱም የግራ መስመር ተከላካይ ናቸው። ሁለቱንም ለማሰለፍ ሦስት የመሃል ተከላካይ ያለው አሰላለፍ ወሰደ፣ ቲርኒን በግራ በኩል የመሃል ተከላካይ አደረገው፣ ሮበርትሰንን ከፊቱ አስሮጠው። በቀኝ በኩል ግን ከኋላ ኳስ ይዞ መውጣት የሚችል ሰው የለም። ማን ይላክ? ታማኙ ልጅ። ማክቶሚናይ እዛ ሆኖ ነው ኖቬምበር 2020 ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያን በመለያ ምት አሸንፈው ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር ያለፉት፣ ከመለያ ምቶቹም አንዱን እሱ ነው ያስቆጠረው። በ2021 ክረምት ዌምብሌይ ላይ ከእንግሊዝ ጋር 0 ለ 0 ሲወጡም የቀኝ መሃል ተከላካይ ነበር፣ ጥሩም ተጫውቷል።

ክላርክን በዚህ መውቀስ አይቻልም። ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች አይገዛም፣ ያለውን ነው የሚያብቃቃው፣ በዛ ስሌት የተሻለው መልስ ይሄ ነበር። ግን ለማክቶሚናይ ያመጣው ውጤት አለ፣ በክለብ የመከላከል አማካይ፣ በአገር ተከላካይ የሆነ ሰው አጥቂ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ክላርክ ራሱ ነው በኋላ የቀየረው። ማርች 2023 ወደፊት ገፍቶ አጫወተውና ቆጵሮስ ላይ ሁለት፣ ከቀናት በኋላ ስፔን ላይ ሁለት አገባ፣ ስፔን ሃምፕደን ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ በጠቅላላ 7 ጎል አስቆጠረ። ይሄን ቀን ያዙልኝ፣ ማርች 2023 ነው፣ ማንቸስተር ከመሸጡ ዓመት ከአምስት ወር በፊት። ማስረጃው ሁሉም ፊት ተቀምጦ ነበር።

ሽያጩ በሂሳብ መዝገብ ላይ ምን ይመስላል

ኦገስት 30 ቀን 2024፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ማክቶሚናይ ወደ ናፖሊ ሄደ። በዛው ቀን ማንቸስተር ኡራጓያዊውን የመከላከል አማካይ ማኑኤል ኡጋርቴን ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን በ50 ሚሊዮን ዩሮ መነሻ ክፍያ ገዛ። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ቀን መውጣታቸው አጋጣሚ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት የፋይናንስ ቃላት ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ፒ.ኤስ.አር ነው፣ የፕሪሚየር ሊጉ የትርፍና የዘላቂነት ሕግ። በሽያጩ ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ክለብ ቢበዛ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር መክሰር የሚችለው፣ ከዛ ካለፈ ነጥብ እስከ መቀነስ የሚደርስ ቅጣት ነበር። ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት በ2023-24 ነጥብ ተቀንሶባቸዋል፣ ስለዚህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም።

ሁለተኛው አሞርታይዜሽን ነው። የተጫዋች ዋጋ በመዝገብ ላይ አንዴ አይመዘገብም፣ በኮንትራቱ ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። 60 ሚሊዮን ከፍለህ ለአምስት ዓመት ያስፈረምከው ልጅ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡ ላይ የቀረው ዋጋ 36 ሚሊዮን ነው፣ በ40 ሚሊዮን ብትሸጠው ትርፍህ 4 ሚሊዮን ብቻ ነው። በ30 ከሸጥከው ደሞ 6 ሚሊዮን ከሰርክ፣ ምንም እንኳን እጅህ ላይ 30 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ቢገባም።

አሁን አካዳሚ ያደገውን ልጅ ውሰዱ። አልተገዛም፣ ስለዚህ በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። በ25 ሚሊዮን ሲሸጥ 25ቱም ሚሊዮን ንፁህ ትርፍ ነው። በዛ ላይ ክለቡ ለአካዳሚ የሚያወጣው ወጪ ከፒ.ኤስ.አር ስሌት ውጪ ነው፣ ማለትም ልጁን ስታሳድግ የወጣው ገንዘብ አይቆጠርብህም፣ ስትሸጠው ያገኘኸው ግን ይቆጠርልሃል። የአካዳሚ ወጪ ከስሌቱ እንዲወጣ የተደረገው ክለቦች አካዳሚ ላይ ገንዘብ እንዲያፈሱ ለማበረታታት ነው፣ ዓላማው ጥሩ ነው፣ ውጤቱ ግን ያሳደግከውን ልጅ መሸጥ ከምንም በላይ አዋጭ አደረገው።

ወደ ኦገስት 30 እንመለስ። ኡጋርቴ 50 ሚሊዮን ዩሮ ለአምስት ዓመት ቢካፈል በዓመት 10 ሚሊዮን ነው። ማክቶሚናይ ያመጣው 30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሙሉ በሙሉ በዛው ዓመት ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ደሞዙን ትተን የዝውውሩን ብቻ ካየን፣ የአንዱ ሽያጭ የሌላውን የሦስት ዓመት ወጪ ይሸፍናል። በጣም የሚያጓጓ ስሌት ነው፣ ከጀርባው ኳስ ባይኖር።

ቴን ሃግ በወቅቱ ማጣት እንደማይፈልግና ሕጎቹ ግን እዚህ እንዳደረሷቸው በይፋ ተናግሯል። ሆኖም ሁሉንም ነገር ሕጉ ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። ኮንትራቱ በ2025 የሚያልቅ፣ ክለቡ ከፈለገ አንድ ዓመት የሚያራዝመው ነበር፣ ስለዚህ ዋጋው ከዛ በኋላ ይወርድ ነበር። ከዛ በፊት በ2023 ክረምትም ዌስትሃም ጠይቆት ነበር፣ ማለትም ለሽያጭ የቀረበው በአንድ ቀን ድንጋጤ አልነበረም። ሕጉ ያደረገው ነገር ማን ቀድሞ በሩ ላይ እንደሚቆም መወሰን ነው። ለቡድኑ «አስፈላጊ ነው ግን የማይተካ አይደለም» የሚባል፣ አካዳሚ ያደገ፣ ገዢ ያለው ልጅ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል። ሁለገብነቱ ደሞ በትክክል «የማይተካ አይደለም» የሚል ስም አሰጥቶት ነበር።

ናፖሊ ምን አደረገው

ናፖሊ በ2023-24 10ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ በመሃል ሜዳ ስታኒስላቭ ሎቦትካ ነበረው፣ በጠባብ ቦታ ዞሮ ኳስ የሚያወጣ፣ ማንቸስተር ከማክቶሚናይ ይጠብቅ የነበረውን ስራ በተፈጥሮው የሚሰራ አጭር ልጅ። አጠገቡ አንጊሳ አለ። ስለዚህ ማክቶሚናይ ኳስ ከኋላ እንዲያወጣ ማንም አልጠየቀውም። በግራ በኩል ሜዛላ ሆነ፣ ሜዛላ ጣልያኖች ከሦስት አማካዮች ውስጥ በጎን በኩል ሆኖ ወደ ጎል የሚሮጠውን የሚጠሩበት ስም ነው።

አሰራሩን ለማየት የናፖሊውን አጥቂ ሮሜሉ ሉካኩን ማየት ነው። ሉካኩ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ወይ ሁለት ተከላካይ ይዞ ይቆማል፣ ኳስ ወደሱ ትመጣለች፣ ተከላካዮቹ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። በዛች ሰከንድ ማክቶሚናይ ከአማካዩ ጀርባ ተነስቶ 16 ከ50 ውስጥ ይገባል። የሚይዘው ሰው ማን ነው? የመሃል ተከላካዩ ሉካኩን ይዟል፣ አማካዩ ደሞ ፊቱ ወደ ኳሱ ስለሆነ ከኋላው ያለፈውን አላየም። ቁመቱም ርምጃውም ችግር መሆናቸው ቀርቶ መሳሪያ ሆኑ፣ ረጅም ርምጃ ለመዞር እንጂ ለመሮጥ አይከብድም። በጃንዋሪ 2025 የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ክቫራትስኬሊያ ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሲሸጥ ደሞ የግራው ክፍል የበለጠ ተከፈተለት።

ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ኤፕሪል 2025 ላይ ዋንጫው በሚወሰንበት ሰዓት ኢምፖሊ ላይ ሁለት፣ ሞንዛ ላይ የጨዋታውን ብቸኛ ጎል፣ ቶሪኖ ላይ ሁለት፣ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ አምስት ጎል። ሜይ 23 ካልያሪን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን በአየር ላይ መቀስ መትቶ አስቆጠረ፣ ናፖሊ በ82 ነጥብ ኢንተርን በአንድ ነጥብ በልጦ ስኩዴቶውን፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ ወሰደ። ማክቶሚናይ በሊጉ 12 ጎል አግብቶ የሴሪ ኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነው ባሎንዶር የ30 ሰው ዝርዝር ውስጥም ገባ። ከዋንጫው ሁለት ቀን በፊት፣ ሜይ 21፣ ማንቸስተር ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍፃሜ በቶተንሃም ተሸንፏል፣ ሊጉንም 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የደጋፊው ቁጭት ከየት እንደመጣ ለመረዳት እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው።

«ጣልያን ቀላል ስለሆነ ነው» የሚለው ክርክር

ይሄን ክርክር ዝም ብሎ መጣል አይገባም። የሴሪ ኤ ጨዋታ ፍጥነት ከፕሪሚየር ሊጉ ያነሰ መሆኑን ሁለቱንም የሚያይ ሰው ያስተውለዋል፣ ኳሱ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው እንደ እንግሊዝ አይመላለስም። ብዙ የጣልያን ቡድኖች በሦስት የመሃል ተከላካይና ሰው በሰው በመያዝ ይጫወታሉ፣ ሰው በሰው ሲያዝ ደሞ ከኋላ ተነስቶ የሚመጣ ሯጭ ብዙ ጊዜ ነፃ ይቀራል። ናፖሊ በ2024-25 የአውሮፓ ውድድር ውስጥ አልነበረም፣ ኮንቴ ሳምንቱን ሙሉ የማሰልጠን እድል ነበረው፣ ተጫዋቾቹም ትኩስ ነበሩ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ማክቶሚናይን ጠቅሞታል።

ግን ክርክሩ የሚያብራራው መጠኑን ነው፣ መሰረቱን አይደለም። ስፔን ላይ ሁለት ያገባው ጣልያን ከመሄዱ በፊት ነው። በማንቸስተር የመጨረሻ ሲዝኑ ካገባው 10 ጎል አብዛኛው የመጣው በዛው «ከባድ» በሚባለው ሊግ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተቀያሪ እየሆነ። በ2025-26 ናፖሊ ቻምፒየንስ ሊግ ሲገባም ማግባቱን አላቆመም፣ አይንድሆቨን ላይ ቡድኑ 6 ለ 2 በተዋረደበት ምሽት እንኳን ሁለቱን የናፖሊ ጎሎች ያስቆጠረው እሱ ነው። ሊጉ አግዞታል፣ ችሎታውን ግን አልፈጠረለትም።

በተቃራኒው «ማንቸስተር ቢቆይ ኖሮ ይሄ ሁሉ እዛ ይሆን ነበር» የሚለውም አያስኬድም። ኖቬምበር 2024 ሩበን አሞሪም 3-4-2-1 ይዞ መጣ፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው ብቻ፣ ፊት ደሞ ሁለት አስር ቁጥሮች፣ ማለትም ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች። ማክቶሚናይ ከሁለቱ አስር ቁጥሮች አንዱ ይሆን ነበር ወይስ ተመልሶ ደብል ፒቮት? የክለቡን ልማድ ላየ ሰው ሁለተኛው ይቀርባል። ሎቦትካ የለም፣ በዛ ዓመት ጀርባ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝለት አጥቂም አልነበረም። የኮንቴን ያህል ቡድኑን በሱ ሩጫ ዙሪያ የሚሰራ ሰው ካልተገኘ ማክቶሚናይ ማንቸስተር ላይ 12 የሊግ ጎል አያገባም ባይ ነኝ።

ሁለገብነት ለማን ነው የሚጠቅመው

አሰልጣኝ ሁለገብ ተጫዋች ይወዳል፣ አለመውደድም አይችልም። የዓለም ዋንጫ ስብስብ 26 ሰው ነው፣ ሦስት ቦታ የሚሸፍን አንድ ሰው ካለህ ሁለት ወንበር ተረፈህ ማለት ነው። ማንቸስተር ላይ ከሱ በፊት ጆን ኦሼ ነበር፣ ከመስመር ተከላካይ እስከ አማካይ ሁሉንም ተጫውቶ በ2007 ቶተንሃም ላይ ቫን ደር ሳር ሲጎዳ ግብ ጠባቂ ሆኖ እስከመጨረስ የደረሰ፣ ከሰር አሌክስ ጋር ብዙ ዋንጫ ያነሳ። ለኦሼ ሁለገብነቱ ረጅም ዘመን ሰጠው። ስለዚህ ሁለገብነት ራሱ መርገም ነው የሚል ድምዳሜ ስህተት ነው።

ልዩነቱ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ላይ ከሌሎቹ ቦታዎች በጣም የተሻለ ሲሆን ነው የሚመጣው። ኦሼ የትም ቢሰለፍ ተመሳሳይ ደረጃ ይሰጥህ ነበር። ማክቶሚናይ ግን ተከላካይ ሲሆን ጥሩ፣ ደብል ፒቮት ሲሆን መካከለኛ፣ ከኋላ ተነስቶ ወደ ጎል ሲሮጥ ግን ከዓለም ምርጦች አንዱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እንደ ኦሼ ስትጠቀምበት በየሳምንቱ አንድ ነገር እያተረፍክ ትልቁን ነገር ታጣለህ፣ ኪሳራው ደሞ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይታይም። ተጫዋቹም ተባባሪ ነው፣ እምቢ የማይል ባህሪ ቦታውን አስከበረለት፣ ዋናውን ቦታ ግን አዘገየበት። 12 የሊግ ጎል ያገባበትን ሲዝን ሲጀምር 27 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ኖቬምበር 2025 ላይ ፒ.ኤስ.አርን ከ2026-27 ጀምሮ በሌላ ሕግ ለመተካት ድምፅ ሰጥተዋል። አዲሱ ሕግ የሚያየው ለተጫዋቾችና ለአሰልጣኝ የሚወጣውን ወጪ ነው፣ ደሞዝ፣ አሞርታይዜሽንና የኤጀንት ክፍያ ተደምሮ ከገቢው 85 በመቶ እንዳያልፍ። ግን በገቢው በኩል ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኝ ትርፍም ይቆጠራል፣ ስለዚህ አካዳሚ ያደገውን ልጅ የመሸጥ ጉጉት ሊቀንስ ቢችልም አይጠፋም። ኮኖር ጋላገር ከቼልሲ፣ አንቶኒ ኤላንጋ ከማንቸስተር፣ ኤሊየት አንደርሰን ከኒውካስል የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። አንደርሰን ስኮትላንድ ጠርታው የነበረ በኋላ እንግሊዝን የመረጠ ልጅ ነው፣ ስኮትላንዶች በሁለት በኩል የሚቆጩበት። ኒውካስል በ2024 ሲሸጠው የሂሳብ ቀነ ገደብ ላይ ነበር፣ ዛሬ ያ ልጅ ለእንግሊዝ መሃል ሜዳ ይሰለፋል።

ለስኮትላንድ የቀረበው ጥያቄ ቅርብ ነው። በ2026 የዓለም ዋንጫ ምድቧ ውስጥ ብራዚል፣ ሞሮኮና ሄይቲ አሉ። ከብራዚልና ከሞሮኮ ጋር ኳሱን ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚይዙት፣ ስለዚህ ክላርክ ማክቶሚናይን ወደኋላ ስቦ መሃሉን ለማወፈር መፈተኑ አይቀርም፣ ተከላካይ ከተጎዳበት ደሞ የ2020ው መፍትሄ ትዝ ይለዋል። በኔ እይታ መመለስ የለበትም። ስፔንን ሲያሸንፉ ኳሱን የያዘችው ስፔን ነበረች፣ ሁለቱም ጎሎች የመጡት ማክቶሚናይ ፊት ስለነበረ ነው፣ ዴንማርክ ላይም በ3ኛው ደቂቃ 16 ከ50 ውስጥ ባይሆን ኖሮ የቤን ጋነን ዶክን ክሮስ የሚያገኛት ሰው አልነበረም። ኳስ ለማውጣት አማካዩ ቢሊ ጊልሞር አለ፣ ለመከላከል ሌሎች አሉ።